የኋላው ድምፅ ከየት ይመጣል? ስለ አጥቢያ ፒክአፕ ዲፈረንሻል ምርመራ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መስመር ከሚገኙት አጥቢያዎች የአንዱ ሰበካ ጉባኤ፣ የቡና ለቀማው በተፋፋመበት ወራት ለጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ ላከልን። የደብዳቤው ቃል አጭር ነበር። የአጥቢያው ፒክአፕ ከኋላ ይጮኻል፤ ጋራዥ ታይቶ «ዲፈረንሻሉ አልቋል» ተብሏል፤ ጉባኤውም ከቤተ ክርስቲያኑ የቡና ሽያጭ ሂሳብ ወጪ ተደርጎ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ እንዲገዛ ወስኗል፤ ኮሚሽኑ ደግሞ የጎደለውን ይሙላልን የሚል ነው። እኛ የምንሞላበት የበጀት መደብ አልነበረንም፤ ይህንኑ በደብዳቤ መለስን፤ ነገሩንም በዚያው ተውነው። ዛሬ ስናስበው የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ስለ ገንዘቡ መለስን እንጂ ስለ ድምፁ አልጠየቅንም።

ዲፈረንሻሉ ተገዛ፤ ተጭኖ መጣ፤ ተገጠመ። ገንዘቡ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የጣሪያ ቆርቆሮ ተብሎ የተቀመጠ ነበር። ፒክአፑ ከጋራዥ በወጣ ዕለት ድምፁ እንደ ነበረ ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላ ሥራ ወደ አጥቢያው በሄድን ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠን ተጓዝን። በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ድምፁ መቼ ነው የሚብሰው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ብዙም ሳያስቡ «መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይብሳል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን ጸጥ ይላል» አሉን። ምርመራው በሙሉ በዚህች አንዲት ንግግር ውስጥ ነበረ። የታመመው ዲፈረንሻሉ ሳይሆን የግራው የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው። ይህን ለጉባኤው ለምን እንዳልተናገሩ ብንጠይቃቸው፣ «ዲያቆን፣ ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ድምፁን ይህን ያህል ካወቅሁት፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ እባላለሁ» ብለው መለሱልን።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከዚያ ጉዞ በኋላ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትንና ካህናትን መካኒክ ለማድረግ አይደለም፤ የወጪ ማዘዣ ላይ ከመፈረም በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባና መልሱ ምን እንደሚያመለክት ለማስረዳት ነው። በየአጥቢያው ያለች አንዲት ፒክአፕ የውኃ ቧንቧና ሲሚንቶ፣ የችግኝና የቡና፣ የበሽተኛና የካህን ማመላለሻ ናት። እርሷ ስትቆም ብዙ ነገር አብሮ ይቆማል። ያለ ምርመራ በተወሰነ ጥገና ምክንያት የወጣው ገንዘብም የምእመናን መባና ዐሥራት ነው።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የሞተሩ ኃይል በፍሪሲዮንና በካምቢዮ አልፎ፣ በመኪናው ሆድ ሥር በተዘረጋው ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል። በኋላ ጎማዎች መካከል፣ በአግድም ብረቱ ወገብ ላይ እንደ ዱባ ያበጠ ቤት ይታያል፤ ዲፈረንሻል የምንለው በዚያ ውስጥ ያለውን ነው። ረጅሙ ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የሚባል ትንሽ ጥርስ ይዞ ወደዚህ ቤት ይገባል፤ ፒኞኑ ደግሞ ኮሮና የሚባለውን ትልቅ ክብ ጥርስ ያዞራል። (ኮሮና በጣልያንኛ ዘውድ ማለት ነው፤ ወረርሽኙ ስሙን ከመውሰዱ በፊት በጋራዦቻችን ውስጥ የታወቀ ቃል ነበረ።) በዚህ መገናኛ ላይ ወደ ፊት የተዘረጋው ዙር ወደ ግራና ቀኝ ይለወጣል፤ ፍጥነቱም ቀንሶ ጉልበቱ ይጨምራል። ለምሳሌ ፒኞኑ 10 ጥርስ፣ ኮሮናው 41 ጥርስ ቢኖረው፣ ረጅሙ ዘንግ አራት ጊዜ ከጥቂት ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ይህችን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዛት፤ ድምፅን ለመለየት ኋላ ትጠቅመናለች።

ስሙን ያገኘበት ሥራ ግን ሌላ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ብረት ቢታሰሩ ኖሮ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ አንደኛው መንሸራተት ግድ ይሆንበት ነበር። በኮሮናው ውስጥ የተቀመጡት ትንንሽ ጥርሶች ግን አንዱ ሲፈጥን ሌላው እንዲዘገይ ያደርጋሉ። ይህን ብልሃት ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔከር በ1820ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ሠርቶታል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ከመግባቷ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። እነዚህ ትንንሽ ጥርሶች በቀጥታ መንገድ ላይ እርስ በርሳቸው አይዞሩም፤ ከኮሮናው ጋር በአንድነት ይሄዳሉ። የሚሠሩት በመታጠፊያ ላይ ነው። ስለዚህ በቀጥታ መንገድ የሚሰማ ጩኸት የእነርሱ ሊሆን አይችልም፤ በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ መንቋቋት ግን ብዙ ጊዜ የእነርሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሮቼራ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን የሚሉት ስሞች ጣልያንኛ ናቸው፤ አብዛኛዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገራችን በቀሩት መካኒኮች በኩል የገቡ ናቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ቃለ ጉባኤ ሲይዙ እነዚህን ቃላት ንጹሕ አማርኛ አይደሉም ብለው ይተዉና «የኋላ ጥርስ» ወይም «የኋላ ብረት» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ጉዳት አለው። ዕቃ ሊገዛ የተላከው ሰው «የኋላ ጥርስ» በሚል ጽሑፍ ኮሮናውንም፣ ትንንሾቹን ጥርሶችም፣ ሙሉ ዲፈረንሻሉንም ሊገዛ ይችላል። ጋራዡ የሚጠራውን ስም በቃለ ጉባኤ ላይ እንዳለ መጻፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ካህናትና ዲያቆናት በዚህ ረገድ ከሌላው ሰው የተሻለ ጆሮ አላቸው ብለን እናምናለን፤ ግዕዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ ለመለየት ዓመታት የደከመ ሰው፣ የቀጠነ ጩኸትን ከወፈረ ጉርምርምታ መለየት አይቸግረውም። ፒኞኑና እርሱን የያዙት ኩሽኔታዎች ከጎማው አራት እጥፍ ስለሚፈጥኑ ድምፃቸው ቀጭንና ያልተቋረጠ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይወጣል። የጎማ ኩሽኔታና ኮሮናውን በግራና ቀኝ የያዙት ኩሽኔታዎች በጎማው ፍጥነት ስለሚዞሩ ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ከበሮ ይጎረምራል። አንድ ጥርስ የተሸረፈ እንደ ሆነ ደግሞ ጩኸት ሳይሆን ምት ነው የሚሰማው፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ ከዙሩ ጋር እኩል ይመታል።

የድምፁን ቦታ በጆሮ ብቻ መናገር ግን ያሳስታል። ብረት ድምፅን ያስተላልፋልና የግራ ጎማ ጉርምርምታ በአግድሙ ብረትና በባሌስትራው ተጉዞ ከመቀመጫው ሥር፣ ከመካከል የመጣ ይመስላል። ከላይ ያነሣነው አጥቢያ መኪናውን ያሳየው ባለሙያ ሆን ብሎ አታሏል የማንለው ስለዚህ ነው። በቆመ መኪና፣ በጋራዡ በር ላይ አንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ ነድቶ ፈረደ። ድምፅ የሚመረመረው «ከየት ይሰማል?» በሚለው ጥያቄ ሳይሆን «መቼ ይሰማል፣ መቼስ ይጠፋል?» በሚለው ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ በየቀኑ የሚነዳው ሰው ነው።

ለሙከራው ባዶ መኪና፣ ልኩን የጠበቀ የጎማ ነፋስና ደልዳላ አስፋልት ያስፈልጋል። ከጅማ ወደ ሰርቦ የሚወስደው የአዲስ አበባ መንገድ ሜዳማው ክፍል ለዚህ ይመቻል፤ ወደ አጋሮ የሚወስደው ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ ስለሚፈራረቅ ጀማሪን ያደናግራል። መዝሙሩ ይዘጋ፣ መስኮቱም እንዲሁ። ሹፌሩ ይንዳ፤ ሌላ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ይስማና ይጻፍ።

በመጀመሪያ መኪናው እንደቆመ፣ ማርሹ ዜሮ ሆኖ ሞተሩ ይጨመርለት። ድምፁ አሁንም ከተሰማ ነገሩ የሞተር ወይም የካምቢዮ ነው፤ ዲፈረንሻሉ አሁን አይዞርምና ከክሱ ነጻ ነው። ካልተሰማ በሜዳው ላይ በሰዓት 50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ይነዳና፣ መንገዱ ባዶና ቀጥ ያለ በሆነበት ሥፍራ ለጥቂት ሰኮንድ ማርሹ ዜሮ ይደረግ። የሞተሩ ድምፅ ወርዶ ያኛው ድምፅ ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ከቀጠለ፣ ምንጩ ከካምቢዮ በኋላ ካሉት ነው፤ ከረጅሙ ዘንግ፣ ከዲፈረንሻሉ፣ ከጎማ ኩሽኔታው ወይም ከራሱ ከጎማው። ይህ ሙከራ በቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ወደ ጊቤ በረሃ በሚያወርደው ወይም በቦንጋ መንገድ ወደ ጎጀብ በሚያወርደው ጥምዝ ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ መኪናውን ለፍሬን ብቻ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ለምርመራም ቢሆን አይፈቀድም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ነው፤ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ ምን ይሆናል? የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ሁለት ገጽ አለው። መኪናው ሲጎትት፣ ዳገት ሲወጣ፣ ሲጫን አንዱ ገጽ ይሠራል፤ ነዳጁ ተለቆ ሞተሩ መኪናውን ሲይዝ፣ ለምሳሌ በሁለተኛ ማርሽ ወደ ጎጀብ ሲወረድ፣ ሌላው ገጽ ይሠራል። በሚጎትትበት ጊዜ ብቻ የሚጮኽ፣ ሲለቀቅ ወዲያው ዝም የሚል ከሆነ የጥርሱ የመጎተቻ ገጽ በልቷል፣ ወይም በቀድሞ ጥገና ጥርሶቹ ያለ ልካቸው ተገጥመዋል ማለት ነው። ነዳጅ ሲለቀቅ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የፒኞኑ መያዣ መላላቱን መጠርጠር ይገባል፤ ፒኞኑን ያጠበቀው ዳዶ ላልቶ ወይም ኩሽኔታው ተበልቶ ፒኞኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሲጎትትም ሲለቀቅም የማይለወጥ ቀጭን ጩኸት ብዙ ጊዜ የፒኞን ኩሽኔታ ነው፤ የዘይት ማነስም እንዲሁ ያደርጋል። ነዳጁ ሲረገጥና ሲለቀቅ በመካከል አንዲት «ጓ» የምትል ምት ብቻ ከተሰማች ደግሞ ከዲፈረንሻሉ በፊት በረጅሙ ዘንግ ላይ ያሉትን ክሮቼራዎች ማየት ይገባል። ከመኪናው ሥር ሆኖ ዘንጉን በእጅ ወዲህና ወዲያ ማወዛወዝ ብቻ ይበቃል፤ መስቀለኛው ብረት ከቤቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። የክሮቼራ ዋጋ ከዲፈረንሻል ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ መታጠፊያው ነው። በሰፊ መንገድ ላይ መኪናውን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዘንበል፣ ክብደቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጭነቱ በግራው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ የግራው ኩሽኔታ የታመመ እንደ ሆነ ይጮኻል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ሸክሙ ይቀልለትና ጸጥ ይላል። የአጥቢያው ሹፌር የነገሩን ይህንኑ ነበር። ዲፈረንሻሉ ግን መኪናው ወደየትም ቢያዘነብል ድምፁን እንዲህ አይለውጥም።

ጎማው ራሱስ? ይህ የሚዘነጋ ነው። ያለ እኩልነት የተበላ ጎማ፣ ወይም ጥርሱ ጎላ ያለ የጭቃ ጎማ፣ በአስፋልት ላይ ሲሄድ የዲፈረንሻል የሚመስል ጉርምርምታ ያሰማል። መለያው ቀላል ነው፤ ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ሲወጣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ የጎማ ነው። ያም ካላጠገበ የኋላዎቹን ጎማዎች ከቸርኬያቸው ጋር ወደ ፊት፣ የፊተኞቹን ወደ ኋላ ማዛወር ነው። ድምፁ አብሮ ወደ ፊት ከተዛወረ ምርመራው በአንድ ብር ሳይወጣ ተፈጸመ።

ከጅማ ዙሪያ ቡና አገሮች ጠባይ አንጻር ግን ከሁሉ ይልቅ ልናሳስብበት የምንወደው ዘይቱን ነው። የፒኞንና የኮሮና ጥርሶች የሚገናኙት እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ ስለሆነ፣ በብርቱ ጫና ሥር ከብረቱ ላይ የማይሸሽ ልዩ የማርሽ ዘይት ይፈልጋሉ፤ የሞተር ዘይት አይተካውም። በአብዛኛው ፒክአፕ የሚገባው ከ2 እስከ 3 ሊትር ገደማ ነው። ታዲያ በዚህ ቤት ላይ ከአናቱ የምትገኝ አንዲት ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ሲግል አየሩ በእርሷ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይገባል። የሊሙንና የጌራን የውስጥ መንገድ በክረምት የሄደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጭቃው እስከ አግድም ብረቱ ይደርሳል፤ መተንፈሻዋም ትደፈናለች። ያን ጊዜ በውስጥ የጋለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በማገጃው ጎማ በኩል ይገፋዋል፤ ከጎማው ጀርባ የሚታየው እርጥበት ከዚህ ይመጣል፤ ፍሬኑንም ያረጥበዋል። ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። ረጅም መንገድ ተጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ድልድይ በሌለው ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይሸማቀቃል፤ ወደ ውስጥም ይስባል። በማገጃው ወይም በመተንፈሻው በኩል የሚሳበው ያን ጊዜ አየር ሳይሆን ውኃ ነው።

ውኃ የገባበት ዘይት መልኩ አይሰወርም፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። እንዲህ ያለ ዘይት ሲገኝ በዚያው ሳምንት መለወጥ ይገባል፤ ኩሽኔታዎቹ ዝገት ጀምረው እንደ ሆነ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፅ ያሰማሉና። ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥቂት ቆሞ እንዲበርድ ማድረግም ይረዳል። ቸኩለን የማናደርገው ነገር ነው፤ ቅዳሴ የሚጠብቅ ካህን ሲጫን ደግሞ ይብሱን አይታሰብም።

ዘይቱን ለማየት መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ለጥቂት ጊዜም ይበርዳል። በዲፈረንሻሉ ቤት ላይ ሁለት ቡሎኖች አሉ፤ ከፍ ያለው መሙያ፣ ዝቅ ያለው ማፍሰሻ ነው። ሁልጊዜ መሙያው ይቅደም። ማፍሰሻውን አስቀድሞ ከፍቶ ዘይቱን ከጨረሰ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ያለው ሰው፣ መኪናውን ከቆመበት የማንቀሳቀስ መብት አጥቷል። በመሙያው ቀዳዳ ትንሿን ጣት አስገብቶ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ዘይቱ ሲለወጥ ደግሞ በማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ያለውን ማግኔት ተመልከቱ። እንደ ጥቁር ቅባት የተለጠፈ የላመ የብረት ዱቄት የዕድሜ ነው፤ አያስፈራም። በጣት ሲታሽ የሚወጋ ስንጥር፣ ከዚያም አልፎ የጥርስ ስባሪ ከተገኘ መኪናው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይነዳም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልጠራ፣ የኋላው ክፍል ተነሥቶ በእጅ ይፈተናል። የፊት ጎማዎች በግራና ቀኝ ይታገዱ፤ ከኋላ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም፤ ድንጋይና ብሎኬት መቆሚያ አይደለም፤ ብሎኬት በድንገት ይሰነጠቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ዜሮ ይሁን፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቅ። አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው ወደ ተቃራኒው መዞሩ የትንንሾቹ ጥርሶች ሥራ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቢያዩት ይደነቃሉ። ጎማውን በዝግታ እያዞሩ ሌላ ሰው መዳፉን ባሌስትራው ላይ ቢያሳርፍ፣ የተበላ ኩሽኔታ ሻካራነት በብረቱ በኩል ወደ መዳፉ ይመጣል። ከላይና ከታች ይዞ ሲወዘወዝ የሚንገጫገጭ ጎማም እንዲሁ ይመሰክራል።

ከዚህ በኋላ ጥፋቱ በእርግጥ የዲፈረንሻሉ ሆኖ ቢገኝ፣ ጉባኤው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ኮሮናና ፒኞን ሲሠሩ ጀምሮ ጥንድ ሆነው የተለማመዱ ናቸው፤ አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ አድርጎ መግጠም አዲስ ጩኸት መግዛት ነው። በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ከሩብ ሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ በመለኪያ እንጂ በግምት አይገጠምም፤ ጋራዡ መለኪያው እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለበትም። ያገለገለ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ከሆነ የጥርሱ ቁጥር መቆጠር አለበት። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ፒክአፕ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ልክ አንድ ካልሆነ፣ አራቱ በአንድነት በደረቅ መንገድ ሲያያዙ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ካምቢዮውም አብሮ ይሰበራል። በአምራቹ የብረት ሰሌዳ ላይ የአክስል መለያ ስለሚጻፍ፣ ገዢው የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ይዞ ይሂድ።

ስለ ጭነትም ሳንናገር አናልፍም። አንድ ጆንያ የተበጠረ ቡና 60 ኪሎ ነው፤ 17 ጆንያ ሲጫን 1,020 ኪሎ ይሆናል፤ ይህ ከብዙዎቹ ፒክአፖች አቅም በላይ ነው። በጆንያዎቹ ላይ ደግሞ ሰው ይወጣል። በንግሥ በዓላት ቀን ከኋላ የሚሳፈሩትን ምእመናን ቁጥር ሁላችንም ስለምናውቀው እዚህ አንጽፈውም። የሚያስጨንቀን የጥርሱ መበላት ብቻ አይደለም። የፒኞን ኩሽኔታ ፈጽሞ ሲሰበር የኋላ ጎማዎችን በአንድ ጊዜ አስሮ ሊያስቆም ይችላል። የጎማ ኩሽኔታ ሲፈርስ ደግሞ በብዙዎቹ ፒክአፖች ዘንጉ ከነጎማው ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። በዚያ አጥቢያ ጉባኤው ስለ ዲፈረንሻል ሲመክር፣ ገንዘብ ሲያሰባስብና ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ ከዚያም ዲፈረንሻሉ ከተገጠመ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ያ የግራ ኩሽኔታ እየተበላ ሰው ሲያመላልስ ነበር። የቆርቆሮው ገንዘብ ያሳዝናል፤ ሌሊት ሌሊት የሚመጣብን ግን ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ለየአጥቢያው የምንለምነው አንድ ደብተር ነው። በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሹፌሩ አዲስ ድምፅ በሰማ ቀን ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩን፣ ሲጎትት ነው ወይስ ሲለቅ፣ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ፣ ምን ያህል ጭነት እንደ ነበረ ይጻፍበት። መጻፍ የማይመቸው ከሆነ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ እርሱ እየነገረው ይጻፍ። ጉባኤው ስለ መኪና በሚመክርበት ቀን ሹፌሩ ይጠራ፤ ከመናገሩም በፊት ጥፋተኛ ፍለጋ እንዳልተጠራ ሊቀ መንበሩ በግልጽ ይንገረው። ይህ የመጨረሻው ከተዘለለ ደብተሩ ባዶውን እንደሚቀር ከወዲሁ እናውቃለን።

የዚያ አጥቢያ ፒክአፕ ኩሽኔታ ጅማ ከተማ ውስጥ ተገዝቶ፣ በማተሚያ ማሽን ወደ ዘንጉ ገብቶ፣ ከማገጃው ጎማ ጋር በግማሽ ቀን ተገጠመ። ድምፁ ጠፍቷል። የወለቀው የቀድሞ ዲፈረንሻል ተከፍቶ ሲታይ ጥርሱ ንጹሕ፣ ኩሽኔታዎቹም ደኅና ሆነው ተገኝተዋል፤ አሁን በዘይት ተቀብቶና በሸራ ተጠቅልሎ በዕቃ ቤቱ ይገኛል። ጥርሱ 41 በ10 ነው። ጉባኤው ሸጦ የቆርቆሮውን ገንዘብ በከፊልም ቢሆን ለመመለስ ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ፒክአፕ ያለውና በምርመራ ያረጋገጠ አጥቢያ ቢኖር በጽሕፈት ቤታችን በኩል መጠየቅ ይችላል።